ውሃን ከጥሩ፤ ነዳጅንስ?



አበው «ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። ስለ ነዳጅ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሳ ቀድሞ የመጣብኝ ይኸው አባባል ነው። ስለ ጭስ ሁላችንም እናማርራለን። አፍንጫችንን በነጠላ ወይም በእጃችን ሸፍነን እናልፋለን፤ ሹፌሩን እንረግማለን፤ መኪናው አሮጌ ነው እንላለን። ጭሱ ከነዳጁ ስለመምጣቱ፣ ነዳጁንም በተመለከተ ማን ሊጠየቅ እንደሚገባ ግን ስንነጋገር ብዙም አልሰማሁም። እኔ የምለው ባጭሩ ይህ ነው፤ የጎንደር ከተማ ምክር ቤት ለንጹህ ነዳጅ ደረጃ በግልጽ መቆም አለበት። «ነዳጅ የፌዴራል ጉዳይ ነው» ብሎ እጁን ማጣጠፍ የለበትም። ለምን እንዲህ እንደምል እስቲ ታገሱኝና ላስረዳ።

ነገሩ ቤታችን ድረስ ባይመጣ ኖሮ እኔም እንደሌላው ሰው በዝምታ አልፈው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ባጃጅ ይነዳል። ቤታችን አራዳ ነው፤ እሱ ከአራዳ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ማራኪ ሲመላለስ ይውላል። አንድ ሰሞን ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፉ ሌሊት የሚታደርበት ሆነ። ወንድሜ ሰልፉ ሲያሰለቸው ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ገዝቶ ቀዳ። በሁለተኛው ቀን ባጃጁ አቀበት ላይ መንጠቅ ጀመረ፤ ነጭ ጭስ እየተፋ ቆመ። እየተገፋ ጋራዥ ገባ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነብኝ?» አለው ወንድሜ መካኒኩን።

መካኒኩ ካንዴላውን ፈታ፣ አገላብጦ አየው፣ ጣቱን ታንከሩ አፍ ላይ አድርጎ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ቤንዚን ብለህ ነው የቀዳኸው? ላምባ እኮ ነው ያጠጣኸው!»

ባጃጁ አራት ቀን ቆመ። አራት ቀን ለማንበብ ቀላል ነው። የቤት ኪራይና የታናናሾቻችን የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያች ባለ ሦስት እግር ለሚወጣ ቤተሰብ ግን አራት ቀን ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። በነዚያ ቀናት ወንድሜ የሚረግመው የሸጠለትን ልጅ ነበር። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ሽንኩርት ስንገዛ አገላብጠን አይተን ነው፤ ቅቤ ስንገዛ አሽትተን፣ ቀምሰን ነው። ነዳጅስ? በየማደያው ሰሌዳ ላይ ዋጋው ተጽፏል። ጥራቱ የት ነው የተጻፈው?

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሲደባለቁ እሰማለሁና። አንደኛው መከለስ ነው። ቤንዚን ውስጥ ነጭ ጋዝ (ላምባ) ሲገባበት ቶሎ አይተንም፣ በደንብ አይቃጠልም፣ ካንዴላ ያጠቁራል፣ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ይህ እዚሁ እኛ መንደር የሚሠራ ጥፋት ነው። ሁለተኛው የደረጃ ጉዳይ ነው። ማንም ሳይከልሰው፣ ከመርከብ እንደወረደ፣ ናፍጣው ራሱ በውስጡ ምን ያህል ድኝ ይዟል? ይህ ደግሞ ከመንደራችን በጣም ርቆ፣ ግዥው ሲፈጸም የሚወሰን ነው። አንዱ የቁጥጥር ጥያቄ ነው፤ ሌላው የሕግና የግዥ ጥያቄ ነው። የከተማ አስተዳደር በመጀመሪያው ላይ ሥልጣን አለው፤ በሁለተኛው ላይ ደግሞ ድምፅ አለው። ሁለቱም አይናቁም።

ስለ መከለስ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ቀደም ሲል ነጭ ጋዝ በድጎማ ረክሶ ይሸጥ ስለነበር ከናፍጣ ጋር የሚቀላቅለው ሰው የዋጋውን ልዩነት ያተርፍ ነበር። መንግሥት በኋላ የሁለቱን ዋጋ እኩል አደረገ። ለምሳሌ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲሆን፣ ናፍጣና ነጭ ጋዝ እኩል 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበሩ። እንደ ወረቀቱ ቢሆን በዚያ ዋጋ ላምባ ቤንዚን ውስጥ የሚጨምር ሰው ይከስር ነበር እንጂ አያተርፍም። ግን የመንገድ ዳሩ ቤንዚን በመንግሥት ዋጋ አይሸጥም። ሰው ሰልፍ ላይ እያደረ ባለበት ሰዓት ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ሁሉ ቤንዚን ተብሎ ይሸጣል። ስለዚህ ትርፉ የሚመነጨው ከእጥረቱ ነው። እጥረቱ እስካለ ድረስ ሕፃናቱን ከመንገድ ዳር ማባረር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

አሁን ወደ ድኙ ልምጣ። የድኝ መጠን የሚለካው በፒፒኤም ነው፤ ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደማለት ነው። 50 ፒፒኤም ሲባል አንድ ኪሎ ነዳጅ ውስጥ 50 ሚሊግራም ድኝ አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ሲታይ ኢምንት ይመስላል። እስቲ በቦቴ እናስላው። 40,000 ሊትር ናፍጣ የጫነ ቦቴ እንውሰድ። አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ጭነቱ 33,600 ኪሎ ይሆናል። ናፍጣው 500 ፒፒኤም ከሆነ ያ ቦቴ 16.8 ኪሎ ድኝ ይዞ መጣ ማለት ነው። 50 ፒፒኤም ከሆነ 1.7 ኪሎ ገደማ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ግዴታ ባደረጉት በ10 ፒፒኤም ከሆነ ደግሞ 340 ግራም እንኳን አይሞላም። ያ ድኝ ሞተር ውስጥ ተቃጥሎ በማርሚታ በኩል ይወጣል እንጂ የትም አይጠፋም። ከፊሉ የሚያፍን ጋዝ፣ ከፊሉ ደግሞ ሳንባ ጥግ ድረስ የሚዘልቅ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል።

የባሰው ነገር ሌላ ነው። ዘመናዊ የናፍጣ መኪኖች ጭስ ማውጫቸው ላይ ጥላሸቱን የሚያስቀር ማጣሪያ አላቸው። ድኝ የበዛበት ነዳጅ ይህን ማጣሪያ ያበላሸዋል። ስለዚህ «አሮጌ መኪና አስወግደን አዲስ እናስገባ» ማለት ንጹህ ነዳጅ ከሌለ ግማሽ መንገድ ሄዶ መቆም ነው። በጥሩ ጀበና ሻጋታ ቡና እንደማፍላት ነው።

እኛ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ደግሞ ከሌላው ሰው በተለየ ልናየው የሚገባን ነገር አለ፤ ይኸውም ከፍታችን ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ወደ ዳባትና ደባርቅ ስንወጣማ፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ናትና፣ ከሩብ በላይ ይቀንሳል። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር የሚፈልገውን ኦክስጅን አያገኝም፤ ነዳጁም በሙሉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከሊማሊሞ ሥር እህል ወይም ሲሚንቶ ጭኖ፣ ያንን ጣሊያን የጠረበውን ጠመዝማዛ በአንደኛ ማርሽ የሚወጣ አይሱዙ ከኋላው ተከትላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ተከትዬ አውቃለሁ። መስኮት ዘግቶ የሚመጣ ሙቀትና መስኮት ከፍቶ የሚገባ ጭስ፤ ምርጫው ይኸው ነው። ያው ጭስ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አፋፍ ላይ ነው የሚበተነው። አንድ ዓይነት ናፍጣ፣ አንድ ዓይነት መኪና፣ አዳማ ላይና ደባርቅ ላይ እኩል አያጨስም። ስለዚህ በንጹህ ነዳጅ ጉዳይ ከማንም በፊት መጮህ ያለበት ደገኛው ነው እላለሁ።

ጤናውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ መሆናቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ከተማችን ደግሞ የጤናን ነገር ከማንም ቀድማ የተማረች ናት። በቆላ ድባ በ1945 ዓ.ም. ገደማ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ የተቋቋመው፣ በሽተኛን ከማከም ባሻገር በሽታውን ከምንጩ ለመከላከል ነበር። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ገጠር ይወጡ ነበር። ሳኒታሪያኑ ሥራው ምንጩን ማየት ነው፤ ጉድጓዱን፣ ረግረጉን፣ ቆሻሻውን። ዛሬ በኔ እምነት ያ ሳኒታሪያን ቢመጣ ማደያውንም ያይ ነበር።

ሌላም አለ። ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ግንቦቹን አያይዞ ያቆማቸው ኖራ ነው። ከድኝ የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ኖራን ቀስ በቀስ ወደ ጂፕሰም የመለወጥ ባሕርይ አለው፤ ጂፕሰም ደግሞ በዝናብ ይታጠባል። ይህ የአሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ነው። በቅርብ ዓመታት ለግቢው ብዙ ገንዘብና ድካም የፈሰሰበት ጥገና ተደርጓል፤ ደስ ብሎናል። ግን በአጥሩ ዙሪያ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያልፈው መኪና ምን ነዳጅ እንደሚያቃጥል ሳንጠይቅ ጥገና ብቻ ማድረግ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሆኖ ወለል እንደመወልወል ነው።

«ኧረ ተው፣ ነዳጅ ማጽዳት እንዲህ ቀላል ነገር ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ቀላል አይደለም፤ ግን ሆኖ ያውቃል። ቤንዚን ለብዙ አሥርት ዓመታት እርሳስ ሲጨመርበት ኖሯል፤ እርሳሱም የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በሰኔ 1993 ዓ.ም. ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ዳካር ላይ ተሰብስበው እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለማስወገድ ተስማሙ። አገራችን በ1996 ዓ.ም. ከእርሳስ ወጣች፤ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ደግሞ ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ በሙሉ ወጣ። በዓለም ላይ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. አቆመች። ልብ በሉ፤ እኛ ድሃ ከሚባሉት ተርታ ሆነን ነዳጅ አምራቿን አገር በ17 ዓመት ቀደምናት። የጎንደር ሹፌር በዚያን ጊዜ መኪናውን አልቀየረም፣ መንገዱም አልተቀየረም። የተቀየረው የግዥ ዝርዝሩ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። ልጆቻችን ግን ከአንድ መርዝ ተገላገሉ።

የኢታኖሉንም ነገር እናስታውስ። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል በ5 በመቶ መጠን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ነገሩ የተወሰነው አዲስ አበባና አካባቢዋ ላይ ነበር። የነዳጅን ይዘት በውሳኔ መለወጥ እንደሚቻል ይህም ያሳያል። ግን ሌላም ያሳያል። ከዋና ከተማው ራቅ ያልን ሰዎች ካልጠየቅን ማንም አስታውሶ አያመጣልንም።

ጎረቤቶቻችንስ? ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ የናፍጣ ድኝ ከ50 ፒፒኤም እንዳይበልጥ በጋራ ደነገጉ። ጋና ደግሞ እስከ 3,000 ፒፒኤም ትፈቅድ ነበር። ቅድም ባሰላነው ቦቴ ብንለካው አንድ ኩንታል ድኝ ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የስዊዘርላንድ ድርጅት የነዳጅ ነጋዴዎች አውሮፓ ውስጥ ሊሸጥ የማይችለውን ናፍጣ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንደሚልኩ አጋለጠ። ሕዝቡ ተቆጣ፤ በ2017 ጋና ወደ 50 ፒፒኤም ወረደች። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ነጋዴ የሚያመጣልህ ሕግህ የፈቀደለትን ነው። ዝቅተኛ ደረጃ ካወጣህ የዓለም አተላ ወዳንተ ይፈስሳል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፤ የከተማ አስተዳደር እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ክልሎች እንደየሁኔታቸው የራሳቸውን የአካባቢ ደረጃ ማውጣት እንደሚችሉ ይናገራል፤ የተከለከሉት ከፌዴራሉ የላላ ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሥልጣን የለንም» የሚለው መልስ ሙሉ እውነት አይደለም። ይህን ስል ግን ራሴን ማታለል አልፈልግም። አንድ ክልል ብቻውን «የኔ ናፍጣ 50 ፒፒኤም ይሁን» ቢል፣ ነዳጁ በአንድ አገራዊ አቅራቢ ተገዝቶ፣ በአንድ ወደብ ገብቶ፣ ከአንድ ዓይነት ዴፖ ነው የሚጫነው። ለጎንደር ብቻ ተለይቶ የሚመጣ ቦቴ የለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ቤንዚን ከሱዳን በመተማ በኩል ሲገባ ጎንደር የነዳጁ በር ላይ ነበረች፤ ዛሬ የመስመሩ ጫፍ ናት። በመሆኑም የክልል ደረጃ ማውጣት ብቻውን ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከተማው ማድረግ የሚችላቸው አራት ነገሮች ይታዩኛል።

አንደኛ፣ ምክር ቤቱ በጉባኤው ተወያይቶ የውሳኔ ሐሳብ ያሳልፍ። የናፍጣ ድኝ ከ50 ፒፒኤም እንዳይበልጥ፣ ቀጥሎም ወደ 10 እንዲወርድ፣ የየጭነቱም የምርመራ ውጤት ለሕዝብ እንዲገለጽ ለክልሉና ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በጽሑፍ ይጠይቅ። ወረቀት ብቻ ነው አትበሉኝ። ጎንደር ከጻፈች ደሴ ትጽፋለች፤ ደሴ ከጻፈች ባሕር ዳርም ሐዋሳም ይጽፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

ሁለተኛ፣ የከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ማደያዎች ላይ የሚያደርገው ቁጥጥር ከሊትር መለኪያ ያለፈ ይሁን። ቀላል የመስክ ምርመራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ቤንዚን ጣል ብታደርጉ ንጹህ ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ምንም አይተውም፤ ላምባ ወይም ናፍጣ ካለበት ግን ቅባታማ ክብ ይተዋል። ይህ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ባይሆንም የትኛው ናሙና ወደ ላቦራቶሪ መሄድ እንዳለበት ይጠቁማል።

ሦስተኛ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗል። ማን፣ የት፣ ስንት ሊትር እንደቀዳ ይታወቃል ማለት ነው። ከማደያ በበርሜል ወጥቶ ወደ ሃይላንድ የሚገባው ቤንዚን በየትኛው ማደያ በኩል እንደሚሾልክ ለማወቅ ይህ መረጃ ትልቅ ዕድል ነው። ለባጃጆች የተለየ መቅጃና ሰዓት ቢመደብም የወንድሜ ዓይነቱ ሰው ወደ መንገድ ዳር የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል።

አራተኛ፣ አስተዳደሩ ከራሱ ይጀምር። የቆሻሻ መኪናው፣ የውሃ ቦቴው፣ የጽ/ቤት ፒክአፑ በየጊዜው ይፈተሽ፤ ኖዝሉ ይጠገን። መንገድ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያጨሰው መኪና የመንግሥት ታርጋ የለጠፈ ከሆነ ማን ማንን ሊቆጣ ነው?

አሁን ደግሞ የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች ልመልስ፤ ሁሉም ውሃ የማያነሱ ናቸው ማለቴ አይደለም።

«ንጹህ ነዳጅ ይወደዳል» ይባላል። እውነት ነው፤ ድኝ ማውጣት ለማጣሪያው ወጪ ነው፤ እሱም በዋጋው ላይ ይጨመራል። አገሪቱም የውጭ ምንዛሬ ችግር አለባት። ግን ርካሹ ነዳጅ በእርግጥ ርካሽ ነው? ድኝ ከሞተር ውስጥ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይፈጥራል፤ ዘይቱን ያበላሻል፣ ብረቱን ይበላል። ይህን ሹፌሩ ጋራዥ ላይ ይከፍለዋል። ሳል የያዘው ሕፃን እናት ክሊኒክ ላይ ትከፍለዋለች። ሒሳቡ አለ፤ ማደያው ላይ ስላልተጻፈ ብቻ የሌለ መሰለን።

«ኤሌክትሪክ መኪና እየመጣ ነው፣ ስለ ናፍጣ ምን አስጨነቀህ?» የሚሉኝም አሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስኗል፤ ሕዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ጥሩ ጅምር ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ሊማሊሞን የሚወጣው አይሱዙ የቤት አውቶሞቢል አይደለም። ዛሬ መንገድ ላይ ያለው የጭነት መኪናና አባዱላ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፤ እኛ አገር መኪና እንደ በሬ ነው፣ እስኪወድቅ ይታረስበታል። የኤሌክትሪኩ ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን፣ እስኪደርስ ድረስ የምንተነፍሰውን አየር ማሰብ ግድ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ ግን ይህ ነው። «ሰው ሰላም አጥቶ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ አንተ ስለ ድኝ ታወራለህ?» ይህን ያለኝ ጓደኛዬ ነው፤ ቶሎ መልስ አልሰጠሁትም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የሆነውን እያወቅሁ እንደ ቀልድ የማልፈው ጥያቄ አይደለም። ቆይቼ ያሰብኩት ይህን ነው። ነዳጅ በጠፋ ቁጥር ነው የተከለሰው የሚሸጠው፤ በችግር ጊዜ ነው ጥራት የሚረሳው፤ የሚጎዳው ደግሞ ያው በችግሩ የተጎዳው ሰው ነው። ሀብታሙ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። ባጃጅ ነጂው ግን የዛሬውን እንጀራ ዛሬ ማምጣት ስላለበት ያገኘውን ይቀዳል። ስለዚህ የነዳጅ ጥራት ሰላም ሲመጣ የሚታይ ቅንጦት አይደለም። ደግሞስ ሕዝብና አስተዳደር ስለ አንድ ተራ፣ ሁሉንም ስለሚነካ ነገር በጨዋ ደንብ ተቀምጠው መነጋገርን ከዚህ ካልጀመሩ ከየት ይጀምራሉ?

በመጨረሻም ወደ ራሳችን። የትምህርት ክፍላችን ካርታ መሥራት ያስተምረናል፤ መቁጠርም እናውቃለን። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ በቡድን ተከፋፍለን፣ ጠዋትና ማታ፣ ጥቁር ጭስ የሚያወጡትን መኪኖች በዓይነታቸው ብንቆጥር፣ አቀበቱ ላይና ሜዳው ላይ ያለውን ልዩነት ብንመዘግብ፣ ለአንድ ሴሚስተር የመስክ ሥራ ይበቃል። ውጤቱን በዚሁ መጽሔታችን ላይ አውጥተን አንድ ቅጂ ለምክር ቤቱ ብናስገባ ቢያንስ «መረጃ የለም» የሚለውን ምክንያት እናስቀራለን። መምህራኖቻችን ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እኔ በበኩሌ ለመጀመሪያው ጠዋት ተመዝጋቢ ነኝ።

ወንድሜ ዛሬም ይነዳል። አሁን አሁን ኪሱ ውስጥ የተጣጠፈ ነጭ ወረቀት ይይዛል፤ ከመቅዳቱ በፊት ጠብ አድርጎ ያያል። ሻጮቹ ይስቁበታል፤ አንዳንዱም ይሰድበዋል። እሱ ግን ክቡ እስኪጠፋ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ባጃጅ ነጂ በሁለት ብር ወረቀት ይህን ያህል መጠየቅ ከቻለ፣ ማኅተምና ጉባኤ ያለው ምክር ቤት ከዚያ የበለጠ መጠየቅ አያቅተውም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ቸር ያሰንብተን።